ከኮንቴይነሩ ጋር ያልተራገፈው ቁጥር

አርሂባ በጅቡቲ ከተማ የአፋር የወደብ ሠራተኞች መኖሪያ በመሆኑ የሚታወቅ ሰፈር ነው። ከ1998 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ ከሞላ ጎደል ወደ ጅቡቲ ሲዞር፣ ጭነቱ በጫኝና አውራጆቹ እጅ ላይ በዛ።

በ2002 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ማለትም በ1994 ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ፣ ከእንግሊዝ ተነስቶ ወደ ኢትዮጵያ ሊያልፍ የነበረ ኬሚካል ወደቡ ላይ ከኮንቴይነሮች ፈሰሰ። ክሮሜትድ ኮፐር አርሴኔት ይባላል፤ የእንጨት ምሰሶ በምስጥ እንዳይበላና እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ነው። በስፋት በሚሠራበት ዓይነቱ 47.5 በመቶው የክሮሚየም፣ 34 በመቶው የአርሴኒክ፣ የቀረው የመዳብ ኦክሳይድ ነው። አርሴኒክም፣ በዚህ መልኩ ያለው ክሮሚየምም፣ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ተረጋግጧል።

ለሁለቱም በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚፈቀደው መጠን ገደብ ወጥቶላቸዋል። አሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. የአርሴኒክን ገደብ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ500 ማይክሮግራም ወደ 10 አወረደች፤ የክሮሚየሙን በ2006 እ.ኤ.አ. ከ52 ወደ 5። ገደብ ሲባል ከዚያ በታች ጉዳት የለም ማለት ግን አይደለም። የአገሪቱ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ራሱ እንደገመተው፣ ዕድሜ ልኩን በ10 ማይክሮግራም አርሴኒክ ውስጥ ከሚሠራ 1,000 ሰው 8 ያህሉ በካንሰር ይሞታል፤ በአዲሱ የክሮሚየም ገደብም ከ10 እስከ 45። ቁጥሩ የተቆረጠው ፋብሪካዎች ሊደርሱበት ይችላሉ በተባለው ልክ ነው። ይህን ለሠራተኛው ሳይነግሩ «የተፈቀደ መጠን» ማለት፣ በእኔ አስተያየት፣ ግማሽ እውነት ነው።

ደግሞስ ማን ይለካዋል? ልኬቱ ኮሌታ ላይ በተሰካ ማጣሪያ፣ አየር በምትስብ ትንሽ ፓምፕ፣ ለ8 ሰዓት ፈረቃ ነው። የፈሰሰ ኬሚካል ግን በእጅና በልብስም ይገባል፤ ከአፈር ጋር ደርቆ በነፋስ ይነሳል። በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት 139ኛ ስምምነት ካንሰር አምጪውን ነገር ጉዳቱ ባነሰ እንዲተኩት ያዘዘው ወደ ልኬት ከመግባቱ በፊት ነው።

በዚያው በ2002 የካቲት ላይ፣ የአሜሪካ አምራቾች ይህን ኬሚካል ለመኖሪያ ቤትና ለልጆች መጫወቻ እንጨት በ2003 መጨረሻ እንደሚያቆሙ ተነገረ። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ግን በእርሱ መነከሩ ቀጠለ።