የቡሪ ቤቶች ጥበቃ፦ ከምሽጉ እስከ ገመድ አልባው ካሜራ

ቡሪ በኻርቱም ምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ግራ ዳር የሚገኝ ሰፈር ነው። ቡሪ አል-መሐስ፣ ቡሪ አል-ደራይሳና ቡሪ አል-ለማብ ዛሬ የአንድ ሰፈር ክፍሎች ቢሆኑም፣ ከተማው ሰፍቶ ሳይደርስባቸው በፊት ራሳቸውን የቻሉ መንደሮች ነበሩ። ቡሪ አል-መሐስ ስሙን ያገኘው ከመሐሶች ነው፤ እነሱም ከኑቢያ ወንዙን ተከትለው መጥተው በሁለቱ ዓባዮች መገናኛ አካባቢ የሰፈሩ ሕዝቦች ናቸው። ዛሬ በር ላይ የሚሰቀለው ገመድ አልባ ካሜራ ወደዚህ ሰፈር የመጣው ከብዙ ዓይነት ጥበቃ በኋላ ነው። ከቀደሙት የትኛው ሠርቶ የትኛው እንደከሸፈ ማወቅ ካሜራውን ለሚመርጥ ሰው ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይጠቅማል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው ጄኔራል ቻርልስ ጎርደን ኻርቱም የገባው በፌብሩዋሪ 1884 ነበር። የሱዳን ዐመፅ መሪ የነበረው የማህዲ ሠራዊት ከተማዋን ሲከብ፣ በየብስ በኩል የነበረው መከላከያ ከቡሪ ምሽግ ተነሥቶ እስከ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ ቦይና የአፈር ካብ ነበር። ከቦዩ ፊት ፈንጂ ተቀበረ፣ ሽቦ ተዘረጋ፣ ባለ ሾህ ብረትና የጠርሙስ ስብርባሪ ተበተነ፤ ስብርባሪው የታሰበው በባዶ እግሩ ለሚመጣ አጥቂ ነው። ጎርደን ከቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ዙሪያውን በቴሌስኮፕ ይቃኝ ነበር። ወደ ካይሮ የሚሄደው የቴሌግራፍ ሽቦ ግን ከበባው እንደተጀመረ፣ በማርች 1884 ተቆረጠ። ከወንዙ ማዶ ካለው የኦምዱርማን ምሽግ ጋር የነበረው መስመርም በኖቬምበር ተቋረጠ። ጃንዋሪ 26፣ 1885 ከንጋት በፊት ከተማዋ ስትወድቅ ዋናው መግቢያ በቡሪ በኩል አልነበረም። አጥቂዎቹ ያለፉት በመስመሩ ሌላኛው ጫፍ፣ የነጭ ዓባይ ውኃ ጎድሎ ክፍተት በተወበት ጭቃ ላይ ነው። ጠባቂው ወታደር በረሃብ ዝሎ ነበር፤ ቴሌስኮፑም በጨለማ አያይም።

እንግሊዞች በ1898 ከተማዋን መልሰው ይዘው መገንባት ሲጀምሩ የቡሪ መንደሮች ከዳር ቆዩ። የቤቶቹ ጥበቃ ከምሽግ ወደ አጥር ዞረ። የሱዳን ቤት ዋናው ነገሩ ሖሽ የሚባለው በግንብ የታጠረ ግቢ ነው። የጥንቱ አጥር ጃሉስ ከሚባል ጭቃ የሚሠራ ወፍራም ግድግዳ ሲሆን፣ እንግዳ የሚያርፍበት ዲዋን ወደ በሩ፣ የቤተሰቡ ክፍል ወደ ጓሮ ይሆናል። በሙቀት ወራት ቤተሰቡ የሚተኛው ግቢው ውስጥ፣ አንገሬብ በሚባል የጠፍር አልጋን በሚመስል አልጋ ላይ ነው። ስለዚህ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ማንኛውም ዓይን፣ የጎረቤትም ሆነ የካሜራ፣ የሚያየው ሌባን ብቻ አይደለም፤ የተኛ ሰውንም ጭምር ነው።

ከአጥሩ ጋር ጋፊር አለ፤ አዲስ አበባ ዘበኛ የሚለው ሰው ነው። ሀብት ያለው ቤት ጋፊር ይቀጥራል፤ የሌለው በጎረቤት ይተማመናል። ከቡሪ ወደ ምዕራብ ወረድ ብሎ ባለችው የቱቲ ደሴት ነዋሪው ክረምት በመጣ ቁጥር ተራ ገብቶ ሌሊቱን የወንዙን ሙላት ይጠብቃል፤ የጥበቃ ቦታዎቹም ጣያ ይባላሉ። በመንገዱ ጥግ የምትቀመጠው ሻይ ሻጭም ማን ወጣ፣ ማን ገባ የሚለውን ከሁሉም ቀድማ ታውቃለች። በኻርቱም ይህን ሥራ ከያዙት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያትና ኤርትራውያት ነበሩ። የእነሱ ዓይን ለከተማው ሰላም ያደረገውን የጻፈ እምብዛም የለም፤ መጻፍ ግን ይገባው ነበር።

ካሜራው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1942 ጀርመኖች ፔኔሙንደ ላይ ሮኬት ሲያስወነጭፉ ከርቀት ለማየት በሽቦ የተገናኘ ካሜራ ተጠቀሙ። ወደ ቤት በር ያመጣችው ግን ሜሪ ቫን ብሪታን ብራውን የተባለች የኒው ዮርክ ነርስ ናት። ፖሊስ ዘግይቶ በሚደርስበት ሰፈር ሌሊት ብቻዋን ማደር ያሳሰባት ይህች ሴት፣ ከባሏ ጋር ሆና በር ላይ ባሉ አራት ቀዳዳዎች ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ካሜራ፣ ድምፅ ማጉያና በርን ከርቀት የሚከፍት መሣሪያ ነድፋ በ1966 አመለከተች፤ የፈጠራ መብቱም በ1969 ተሰጣት። በ1996 አክሲስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ከኮምፒውተር መረብ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ካሜራ ለገበያ አቀረበ። የዋይፋይ መሠረት የሆነው ደንብ በ1997 ወጣ።

በዚያው በ1997 ሱዳን ሁለት ነገር አገኛት፦ የሞባይል ስልክ አገልግሎት ተጀመረ፣ አሜሪካም ሰፊ የንግድ ማዕቀብ ጣለች። ማዕቀቡ እስከ ኦክቶበር 2017 ድረስ ቆየ። የቡሪ ነዋሪ ካሜራውን ከገበያ መግዛት ቢችልም፣ ምስሉን በውጭ አገር ኮምፒውተር ላይ ለማስቀመጥ በየወሩ የሚጠየቀውን ክፍያ በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ መክፈል አስቸጋሪ ነበር። በአምራቹ አገር ማስታወቂያ እንደ ዋና ጥቅም የሚነገረው ነገር እዚህ ቀድሞውኑ የተዘጋ በር ነበር ማለት ነው።

ከዲሴምበር 2018 በኋላ ቡሪ በመንግሥት ላይ የተነሣው ተቃውሞ አንድ ማዕከል ሆነ። ጃንዋሪ 17፣ 2019 በሰፈሩ ውስጥ ቁስለኞችን ይረዳ የነበረ አንድ ወጣት ሐኪም ተገደለ። በዚያ ዘመን የሰፈሩ ዋነኛ ካሜራ በየሰው እጅ ያለው ስልክ ነበር። ጁን 3፣ 2019 ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ፊት የነበረው የመቀመጥ ተቃውሞ በኃይል ሲበተን ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ከአንድ ወር በላይም ተዘግቶ ቆየ። ከኦክቶበር 2021ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላም ለሳምንታት ተቋረጠ። የባሰው ኤፕሪል 15፣ 2023 በጦሩና በተቀናቃኙ ታጣቂ ኃይል መካከል የተጀመረው ጦርነት ነው። ጠቅላይ መምሪያውም አውሮፕላን ማረፊያውም የቡሪ ጎረቤቶች ስለሆኑ ሰፈሩ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በእሳት መካከል ወደቀ። ብዙ ነዋሪ ቤቱን ጥሎ ሸሸ። መብራት ጠፋ፤ በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ የአገሪቱ የስልክ መረቦች ተቋረጡ። የኻርቱም ቤቶች ሲዘረፉ ከዕቃው አልፎ የግድግዳው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳይቀር ተነቅሎ ተወሰደ። ካይሮ ወይም አዲስ አበባ ሆኖ የቤቱን በር በስልኩ ሊያይ የሞከረ ሰው ያገኘው ጥቁር መስኮት ነው። ጦሩ ማርች 2025 ላይ ከተማዋን መልሶ ሲይዝ ነዋሪው ጥቂት በጥቂት መመለስ ጀመረ።

ለእንዲህ ያለ ሰፈር ካሜራ ሲመረጥ የምስል ጥራት የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን የለበትም። ገመድ አልባ የሚባለው ካሜራ መረጃውን ያለ ገመድ ይልክ እንጂ ብዙውን ጊዜ ኃይል የሚያገኘው ከግድግዳው ሶኬት ነው፤ መብራት ከጠፋ ካሜራውም ራውተሩም አብረው ይጠፋሉ። የራሱ ባትሪና ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ያለው ይሻላል። ሁለተኛው ጉዳይ ቅጂው የት እንደሚቀመጥ ነው። ያለማቋረጥ የሚቀዳ ካሜራ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢጠቀም በቀን ወደ 11 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ባለ 128 ጊጋባይት ካርድ እንግዲህ 11 ቀን ገደማ ይይዛል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀዳ ከተደረገ ከዚያ በእጅጉ ይረዝማል።

አየሩም ይታሰብ። ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል በሌሊት ሲመጣ፣ የካሜራው የኢንፍራሬድ ብርሃን በአቧራው ቅንጣት ላይ ነጥሮ ይመለስና ምስሉ ነጭ ይሆናል። ከካሜራው ተነጥሎ በር ላይ የተተከለ ተራ አምፖል ይህን ችግር ይቀንሰዋል። ብዙዎቹ ካሜራዎች እስከ 50 ዲግሪ ሙቀት እንዲችሉ ሆነው ይሠራሉ፤ የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው የብረት በር ላይ የተሰቀለ ካሜራ ግን ከዚያ በላይ ሊግል ስለሚችል ጥላ ያስፈልገዋል። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የይለፍ ቃል በዚያው ቀን ይቀየር፤ በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም እጅግ ብዙ ካሜራዎችን የማረከው የይለፍ ቃላቸው ባለመቀየሩ ነው።

የካሜራው ዓይን በሩንና መንገዱን ብቻ እንዲያይ ዝቅ ብሎ ይሰቀል፤ ጣሪያ ላይ ከወጣ የጎረቤቱን አንገሬብ ያያል። ከጎረቤት ጋር መስማማት ሌላም ጥቅም አለው። ዘራፊ መጀመሪያ የሚነቅለው ካሜራውን ስለሆነ በውስጡ ያለው ካርድም አብሮ ይሄዳል። የቡሪ ብዙ ቤቶች አጥር ለአጥር የተያያዙ በመሆናቸው መቅጃው ከአጥሩ ማዶ፣ ጎረቤት ቤት ሊቀመጥ ይችላል። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ካሜራውና መቅጃው በአንድ ራውተር ከተገናኙ ይበቃል። በወፍራም የጃሉስ ግድግዳ ውስጥ ከ5 ጊጋኸርትዝ ይልቅ 2.4 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ሞገድ የተሻለ ስለሚያልፍ፣ ካሜራው ሲገዛ በዚህኛው መሥራቱ፣ ራውተሩም ባትሪ ያለው መሆኑ ይታያል።