የወንዛዬ ፍል ውሃና የዝንቡ ክሮሞዞም

በልጅነቴ አያቴ ለቁርጥማቷ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ስትወርድ ተከትያት ነበር። እሷ እስከ አንገቷ ስትገባ እኔ እግሬን ነክሬ ወዲያው አወጣሁት። «እምዬ፣ አያቃጥልሽም?» ብላት «ሰውነት ይለምደዋል፣ ልጄ» አለችኝ። ቆዳ የሚሰማው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስለ ሴል ግን እውነቷን ነበር። በመጠኑ የሞቀ ሴል ኋላ የሚመጣበትን የባሰ ሙቀት ይቋቋማል።

ይህን የተረዳሁት የጣሊያናዊውን የፌሩቺዮ ሪቶሳን ታሪክ ሳነብ ነው። ሪቶሳ የፍራፍሬ ዝንብ እጭ ክሮሞዞሞችን በአጉሊ መነጽር ይመረምር ነበር። አንድ ቀን ባልደረባው የማሞቂያውን ሣጥን ሙቀት ሳያስበው ከፍ አደረገበት። ሌላው ቢሆን ተቆጥቶ ናሙናውን ይደፋው ነበር፤ እሱ ግን አየው። ክሮሞዞሞቹ ቀድሞ ባላያቸው ቦታዎች አብጠዋል። እብጠቱ ተጠቅልሎ የኖረው ዲ ኤን ኤ ተፈትቶ ሥራ መጀመሩን ያሳያል። አንድ ታዋቂ መጽሔት ጽሑፉን አልቀበልም ብሎ መለሰበት፤ «ኤክስፔሪየንሺያ» በ1962 (እ.ኤ.አ.) አወጣለት። በሙቀት የሚመረቱት ፕሮቲኖች ራሳቸው የታወቁት ግን በ1974 ነው። ሥራቸው በጭንቅ ጊዜ ቅርጻቸው የተበላሸ ሌሎች ፕሮቲኖችን መደገፍ ነው።

ታዲያ ይህ ከተጎዳ ዲ ኤን ኤ ጋር ምን አገናኘው? በአንድ ሴል ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ነው፤ እንዝርት ላይ እንደተጠነጠነ ፈትል በፕሮቲን ላይ ተጠምጥሞ ይኖራል። ሲበጠስ ጠጋኙ እንዲደርስበት መጀመሪያ ጥምጥሙ መላላት አለበት። በ2003 ቱሊንና ስፕራድሊንግ የሪቶሳን እብጠቶች የሚያላላው «ፓርፕ» የተባለው ፕሮቲን መሆኑን አሳዩ። ይኸው ፓርፕ ዲ ኤን ኤ በተበጠሰበት ቀድመው ከሚደርሱት አንዱ ነው! ለሙቀቱም ለብጥሱም በሩን የሚከፍተው አንድ ቁልፍ መሆኑ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በ2011 በሆላንድ የተመሩ ተመራማሪዎች ሴሎችን ከ41 እስከ 42.5 ዲግሪ ሲያሞቁ ዋናው ጠጋኝ «ቢ አር ሲ ኤ 2» እየፈራረሰ ጥገናው ሲስተጓጎል አዩ። ከሙቀት ፕሮቲኖቹ አንዱ፣ ኤች ኤስ ፒ 90፣ ሥራውን እንዳይሠራ ሲታገድ ጉዳቱ ባሰ። በአንዳንድ አገር ሐኪሞች ዕጢን በመሣሪያ እያሞቁ በጨረር የሚመቱትም ሴሉ ጠጋኝ ባጣበት ሰዓት ለመድረስ ነው።

ጡቷ ላይ ዕጢ የወጣባት አንዲት ዘመዴ ከሐኪም በፊት ፍል ውሃን አስቀድማ ወራት አጥፍታለች። ሙቀቱ ዕጢው ድረስ መዝለቁን የሚለካ፣ ጨረሩንም የሚያስከትል ሰው ገንዳው ዳር አልነበረም።