ቅን ግምት (በውክፔዲያ)

ቅን ግምት በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2001) በተጀመረው ውክፔዲያ አብረው የሚጽፉ ሰዎች መርሕ ነው፤ የሌላው እርማት ስሕተት ቢመስል እንኳ፣ ተንኮል ነው ከማለት በፊት ሊያሻሽል አስቦ ነው ብሎ መነሣትን ይጠይቃል። የኦሮሚያ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች ስም ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። አዳማ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ ኋላ የቀድሞ ስሟ በይፋ ተመለሰላት። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ ባቱም ዝዋይ ይባሉ ነበር። እዚያ አድጎ ከአገር የወጣ ሰው «አዳማ» የሚለውን ሰርዞ «ናዝሬት» ብሎ ቢጽፍ፣ የልጅነት ከተማውን በለመደው ስም መጥራቱ ሊሆን ይችላል፤ መልሶ «አዳማ» የሚለውም ይፋዊውን ስም ማስፈሩ ነው። ሁለቱንም በፖለቲካ ዓይን መፈረጅ ይቀላል፣ ግን ሰውን መበደል ነው። የሚሻለው ከመሰረዝ በፊት መጠየቅ፣ በጽሑፉ መግቢያም ሁለቱንም ስሞች ከነታሪካቸው ማስፈር ነው። መርሑ ዓይን ጨፍኑ አይልም፤ እየተነገረው ሆን ብሎ የሚያበላሽን አይከልልም። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ የሌሎችን ሥራ የሚሽር፣ ሐሳቡ ቅን ቢሆንም፣ ሊታገድ ይችላል።