ከፈተና ወዲያ፦ የነቀምትና የወለጋ ከተሞች ተማሪዎች ከትናንት እስከ ዛሬ

በወለጋ ከተሞች ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ቀጥሎ ምን ይሁን ለሚለው ጥያቄ፣ ከራሱ ከልጁ ፍላጎት ይልቅ ብዙ ጊዜ መልስ የሰጡት ፈተናው የሚሰጥበት ክፍልና በአቅራቢያው የተከፈተው ተቋም ናቸው። ሁለቱም በየዘመኑ ተቀያይረዋል።

መጀመሪያ ላይ ፈተናም አልነበረም። ወንጌላዊው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል በወለጋ ቦጂ ማስተማር ከጀመሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1896 ዓ.ም ኦኔሲሞስ ነሲብ ከሥራ ባልደረባቸው ከአስቴር ጋኖ ጋር ነቀምት ገቡ። የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞሮዳ፣ ተቀበሏቸው። ኦኔሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳትመው የመጡ ሰው ስለነበሩ ተማሪው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብ ቻለ። ማንበብና መጻፍ የቻለ ልጅ ትምህርቱን እንደጨረሰ ይቆጠር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራው ሌላውን ማስተማር ሆነ። የገጠር ትምህርት ቤቶችና የወንጌል አገልግሎት አብረው የተስፋፉት በእነዚህ ወጣቶች እግር ነው።

ቀጥሎ ሆስፒታሎች መጡ። አሜሪካውያን ፕሬስቢቴሪያኖች በ1911 ዓ.ም ገደማ በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ደምቢ ዶሎ ላይ ሥራ ጀመሩ፤ ጀርመኖቹ የኸርማንስቡርግ ሚሲዮናውያን አይራ ላይ ሰፈሩ፤ በነቀምት የስዊድን ሐኪሞች የሚሠሩበት ተፈሪ መኮንን ሆስፒታል ተከፈተ። ሆስፒታል ደግሞ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሐኪሙን የሚረዳ ሰው ይፈልጋል። ጥቂት ክፍሎች የተማረ ጎረምሳ ድሬሰር ሆኖ መሠልጠን የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በ1921 ዓ.ም በቦጂ የተወለዱት ጉዲና ቱምሳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ልጅ ሳሉ ወደ ነቀምት መጥተው ተማሩ፤ በሆስፒታሉም ድሬሰርነት ሠለጠኑ። በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ዞረው ቄስ ሆኑ፤ አሜሪካ ሄደው ሥነ መለኮት አጠኑ፤ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊም ሆኑ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም በደርግ ዘመን ተገደሉ። ከቦጂ መንደር እስከ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ያደረሳቸው ጉዞ መነሻው ያ ሆስፒታል መሆኑ ለአንባቢ ይገርመው ይሆናል፤ ለዘመኑ ልጅ ግን ከዚያ የቀረበ በር አልነበረም።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ፈተናው ራሱ ዳኛ ሆነ። ልጆች ሚኒስትሪ የሚሉት የስምንተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጥቂት ከተሞች ብቻ ስለነበረ፣ ከገጠር የመጣ ተማሪ ከተማ ገብቶ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ ከወላጆቹ እየተላከለት ነበር የሚማረው። ይህን የማይችል ቤተሰብ ቶሎ ደመወዝ የሚያስገኘውን ይመርጣል፤ የመምህራን ማሠልጠኛ፣ ጤና፣ ፖሊስ ወይም ወታደር ቤት። መንግሥት የሠለጠነ ሰው ስለቸገረው ተማሪውን እየሳበ ይወስደው ነበር። የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት በ1945፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947፣ የሐረር ጦር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም ሲከፈቱ ከነቀምት ወደ እነዚህ ተቋማት ለመድረስ መጀመሪያ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት የተለመደ ነበር።

እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የዘለቀውን ማትሪክ የሚባለው ፈተና ይጠብቀው ነበር። ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በአምስት የትምህርት ዓይነቶች ቢያንስ ሲ ማምጣት ይጠየቅ ነበር፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አማርኛ የግድ ነበሩ። ቤቱ ኦሮምኛ ለሚናገር የወለጋ ልጅ ይህ ማለት ከአፍ መፍቻው ውጭ በሆኑ ሁለት ቋንቋዎች መመዘን ነው፤ የአባቶቹ ትውልድ በኦሮምኛ መጽሐፍ ፊደል የቆጠረ መሆኑ ሲታሰብ ነገሩ ወደ ኋላ የሄደ ይመስላል። የወደቀ በግል ተመዝግቦ ደግሞ ይፈተናል፤ ያልሆነለት ወደ ቡና ንግድ ወይም ወደ ቤተሰቡ እርሻ ይመለሳል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማትሪክ ያለፈውም ሥራ ማጣት ጀመረ። መንግሥት ያስጠናው የትምህርት ሴክተር ጥናት ወደ ከፍተኛ ክፍሎች የሚያልፈውን ተማሪ ሊገድብ ነው ተብሎ ስለታመነ፣ የካቲት 1966 ዓ.ም ለተነሣው የመምህራን አድማ አንዱ ምክንያት ሆነ።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ለጥቂት ዓመታት ምርጫው ሙሉ በሙሉ ከተማሪው እጅ ወጣ። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከመምህራን ጋር ወደ ገጠር ተላኩ፤ ዘማቾቹ 60,000 ያህል ነበሩ። ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠልም ሥራ መያዝም አይፈቀድለትም ነበር። ሐምሌ 1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከተለ፤ ኦሮምኛ ከመጀመሪያዎቹ ማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ስለነበረ፣ የወለጋ ጎረምሳ ለአዋቂ ገበሬ በገዛ ቋንቋቸው ፊደል የማስቆጠር ዕድል አገኘ። በዚሁ ዘመን የመምህራን ማሠልጠኛው አሥራ ሁለተኛን ለጨረሰ በአንድ ዓመት ሥልጠና ሥራ ይሰጥ ነበር። በ1975 ዓ.ም የታወጀው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ግን ከ18 ዓመት ጀምሮ ያለውን ወጣት ስለሚመለከት፣ ውጤት የሚጠብቅ ልጅ ሌላም ጥሪ ይጠብቅ ነበር።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የፈተናውን ቦታ እንደገና አዛወረው። በኦሮሚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ ሆነ፤ ከ1993 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ተማሪውን ለሁለት ይከፍለው ጀመር። ጥሩ ነጥብ ያመጣ ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣ ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ኮሌጅ። በ16 ዓመቱ ሙያ ምረጥ የተባለ ልጅ፣ ሙያውን የወደቀ ሰው ዕጣ አድርጎ ማየቱ የዚህ አሠራር ትልቁ ጉድለት ነበር። ይህ ፈተና በ2012 ዓ.ም ቀረ።

አሁን ሁሉም ነገር አሥራ ሁለተኛ ላይ ተከማችቷል። ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ ኩረጃን ለመከላከል ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ፣ ከተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3፣ በተከታዩ 3.2 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከመቶ 96 በላይ የሚሆነው ተማሪ ማትሪክ ወደቀ ማለት ነው፤ ከነዚህ ጥቂቱ ሪሜዲያል በተባለው የማካካሻ ትምህርት ሌላ ዕድል አገኘ። በወለጋ ዞኖች ደግሞ በጸጥታ ችግር የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ልጆች ወደ ፈተናው የሚደርሱት፣ ከደረሱ፣ ዓመታት ዘግይተው ነው። ነቀምት ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ ደምቢ ዶሎም የራሷን ዩኒቨርሲቲ አግኝታለች። ሆኖም ምደባው በአገር አቀፍ ደረጃ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ስለሚካሄድ፣ ያለፈ የነቀምት ልጅ የሚማርበትን ከተማ የሚያውቀው ምደባው ሲወጣ ነው።