መስፈርት

«መስፈርት» «ሰፈረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ፣ ጆሯችን ከወንጌል ንባብ የለመደው ስም ሲሆን፣ ፍችው መለኪያ ነው፤ በሳጉሬ ገበያ ገብሱንና ስንዴውን በቁና የሚሰፍር ሰው ምሥጢሩን ያለ መምህር ያውቀዋል። በዘመናችን ግን የሚሰፈረው እህል ብቻ ሳይሆን የሠራተኛው ጊዜም ሆኗል። በ1948 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመው የእጅ እንቅስቃሴ ሠንጠረዥ፣ መዘርጋትን፣ መጨበጥን፣ ማንሣትንና መልቀቅን እየለየ ለእያንዳንዱ ጊዜ ሲወስን፣ ትንሹን መስፈሪያ የሰዓት አንድ መቶ ሺህኛ፣ ማለት 0.036 ሰከንድ አደረገው፤ የዛሬው የሥራ ጊዜ ማስሊያ ሶፍትዌርም ይህንኑ ደምሮ፣ ለድካምና ለዕረፍት የሚገባውን ጨምሮ፣ አንድ ሸሚዝ ገና ሳይሰፋ የሚፈጀውን ደቂቃ ይናገራል።

በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ማረሻና መውቂያ ይፈትንበት በነበረው በአሰላ አገር፣ ዛሬ መውቂያ የሚሠራ ባለ ወርክሾፕ በዚህ ስሌት ቢጠቀም ዋጋውንና ቀጠሮውን አስቀድሞ ለማወቅ ይበጀዋል፤ የመሰርሰሪያው ጊዜ ከፍጥነቱና ከብረቱ ውፍረት በቀጥታ ይሰላልና። የብየዳው፣ ይልቁንም የማስተካከሉ ጊዜ ግን እንደ ባለሙያው እጅና እንደ ብረቱ ጠባይ ይለያያል፤ መብራት ሲጠፋ የሚባክነውንም ሠንጠረዡ አያውቀውም። ስለዚህ ከሶፍትዌሩ የወጣው ቁጥር በሥራው ቦታ እስኪፈተን ድረስ «ግምት» እንጂ «መስፈርት» ሊባል አይገባውም። ባለ ወርክሾፖች ሆይ፣ ቁጥሩን በሠራተኛው ደመወዝ ላይ ከማዋላችሁ በፊት፣ ሠራተኛው ራሱ ባለበት ለክታችሁ አረጋግጡ።