ወዛምና አመዳም

ባለፈው ታኅሣሥ፣ የአዲስ አበባ ውርጭ የእናቴን ተረከዝ ሰነጣጥቆ ደም ሲያሳየው፣ ቅባት ልገዛላት ቦሌ ወደሚገኝ አንድ የመዋቢያ መደብር ጎራ አልኩ። የገባሁት ለአምስት ደቂቃ ብዬ ነበር፤ የወጣሁት ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ያውም ባዶ እጄን ነው። ሻጯ ትሕትና ያላት ወጣት ነበረች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ «የእናትዎ ቆዳ ምን ዓይነት ነው?» የሚል ሆነ።

ደነገጥኩ። እናቴ የምትወደውን ወጥ፣ የምትፈራውን ሕልም፣ የምትሳለመውን ታቦት አውቃለሁ፤ የቆዳዋን ዓይነት ግን አላውቅም። ዝም ስላት ጊዜ ልጅቷ ልትረዳኝ ፈልጋ ዘረዘረችልኝ። «ደረቅ ነው? ወዛም ነው? ድብልቅ ነው? ወይስ ቶሎ የሚቆጣ?» ቀጥላም ሦስት ዕቃ ፊቴ ደረደረች። አንደኛው ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቫዝሊን ነበር። ሁለተኛው በሰማያዊ ቆርቆሮ የታሸገው ኒቪያ ነው። ሦስተኛው ከቡና ሲኒ የማይበልጥ፣ ክብደቱ ግን እንደ ድንጋይ የሆነ የብርጭቆ ብልቃጥ ሲሆን፣ ዋጋው የወር ደመወዜን ሲሶ የሚወስድ ነበር።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ይኼኛው ለደረቅ ቆዳ ታስቦ የተሠራ ነው» አለች ብልቃጡን እያሳየችኝ፤ «ደግሞ ዋጋው ራሱ ይናገራል።»

ዋጋው የሚናገረው ምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ቤቴ ተመልሼ ሳምንት ሙሉ መጻሕፍት ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ግን ስለ አንድ ቃል ጥቂት ልበል። ልጅቷ «ወዛም» ያለችው እንደ ሕመም ስም አድርጋ ነው። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ወዝ ነውር ሆኖ አያውቅም። ወዝ ላብ ነው፤ ወዝ ጉልበት ነው፤ ሠራተኛውን በአንድ ወቅት «ወዝአደር» ያሰኘውም ይኸው ቃል ነው። ወዝ ያለው ፊት የጠገበ፣ በቅጡ የተኛ፣ ሰው የሚወደው ሰው ፊት ነው። ንግግር እንኳ ሲጥም ወዝ አለው ይባላል። ተቃራኒው አመዳም ነው፤ አመዳም ሲባልም የሚሰደበው ቆዳው ብቻ አይደለም፣ ዕድሉም ጭምር ነው። አያቶቻችን ቅቤ አናታቸው ላይ ደፍተው፣ ቀልጦ በግንባራቸው ሲወርድ ፀሐይ ላይ ሲቀመጡ፣ የማን ቆዳ ምን ዓይነት እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። የእኛ ምደባ ጤናንና ሀብትን የሚለይ ነበር። መደብሩ ውስጥ ግን ወዛምና ደረቅ እኩል ጥፋተኞች ሆነው፣ ለየራሳቸው ቅጣት ተቆርጦላቸው አገኘኋቸው። ይህን ፍርድ የፈረደው ማን ይሆን?

በቅባት ዋጋ መከራከር ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ወንጌል እንደሚተርከው፣ በቢታንያ ያች ሴት የናርዶስ ሽቱዋን ስታፈስስ፣ በሦስት መቶ ዲናር ሊሸጥ ይችል ነበር ተብሎ ተጉረምርሞባታል። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበርና፣ የፈሰሰው የአንድ ዓመት ልፋት ያህል መሆኑ ነው። ናርዶስ ከሂማላያ ተራሮች የሚመጣ ሥር ነው፤ ዋጋውን ያናረው መንገዱ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ በሁለተኛው ምዕት ዓመት፣ ሐኪሙ ጋሌን የንብ ሰምንና የወይራ ዘይትን በጽጌረዳ ውሃ አሽቶ ቅባት እንደሠራ ይነገራል። ውሃው ከቆዳ ላይ ሲተን ስለሚያቀዘቅዝ «ቀዝቃዛው ቅባት» ተባለ። የጋሌን ቅባት ግን ሁለት ደዌ ነበረበት። ዘይቱ ይሸታል፤ ውሃውም ሰሙን ጥሎ ይለያል። ስለዚህ በየጊዜው ትኩስ ትኩሱን መሥራት የግድ ነበር። ጠዋት የተበጠበጠ ቅባት ባሕር ተሻግሮ አይሸጥም፤ በማይሸጥበት አገርም ስም ሊያወጣ አይችልም። የቅባት ገበያ ከ1,600 ዓመታት በላይ ከዚህ ፈቅ ሳይል ቆየ።

መጀመሪያ ከዚህ የወጣው ቫዝሊን ነው፤ መነሻውም ዝቃጭ ነበር። በ1859 ሮበርት ቺዝብሮ የተባለ የ22 ዓመት አሜሪካዊ ኬሚስት፣ የነዳጅ ዘይት ወደ ፈለቀባት ወደ ታይተስቪል፣ ፔንስልቬንያ ሄደ። እዚያም ሠራተኞቹ በመቆፈሪያው ብረት ላይ እየተጋገረ ሥራ የሚያስፈታቸውን ጥቁር ሰም መሰል ነገር እየረገሙ፣ እጃቸው ሲቃጠልና ሲቆረጥ ግን ያንኑ ሲቀቡት አየ። ቺዝብሮ ለዓመታት ሲያጣራው ቆይቶ በ1872 በስሙ አስመዘገበው። ለማሳመንም የገዛ ቆዳውን እያቃጠለና ቫዝሊኑን እየቀባ፣ የዳነውን ጠባሳ ለሕዝብ ያሳይ ነበር ይባላል። በ1933 በ96 ዓመቱ ሲሞት፣ በየቀኑ አንድ ማንኪያ ቫዝሊን ይውጥ እንደነበር ተናግሯል ተብሎ ይወራለታል። (ይህን እንኳ አንባቢ እንዲሞክረው አልመክርም።) የዕቃው ምሥጢር ቀላል ነው። ቫዝሊን ለቆዳ ውሃ አይሰጥም፤ ያለው እንዳይተን ክዳን ይሆናል እንጂ። አይሸትም፤ አይበላሽም። ከዝቃጭ የሚገኝ ስለሆነም ርካሽ ነው። ርካሽነቱ ግን ኋላ ዕዳ ሆነበት። በየድሃው ቤት የሚገኝ ነገር ማን ያከብረዋል?

ይህን ጥያቄ ከማንም ቀድማ የተረዳችው ሄለና ሩቢንስታይን ናት። በ1872 ክራኮው ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች፤ ከስምንት እኅትማማቾች የመጀመሪያዋ ናት። በ1896 ወደ አውስትራልያ ተሻግራ፣ በቪክቶሪያ ምድር ኮልሬይን በምትባል ትንሽ ከተማ አጎቷ ዘንድ አረፈች። አካባቢው የበግ አገር ነው። ፀሐይና ነፋስ ፊታቸውን የገረፋቸው የአገሬው ሴቶች የእሷን ልስላሴ እያዩ ቀኑባት። ሄለናም ከካርፓትያን ተራሮች ዕፅዋት ተቀምሞ የመጣ ነው እያለች «ቫላዝ» የሚባል ቅባት መሸጥ ጀመረች። የቅባቱ ዋና ነገር ግን ላኖሊን ነበር፤ ከበግ ጠጉር ላይ ታጥቦ የሚወጣ ስብ። ጀርመኖቹ ኦስካር ሊብራይክና ኦቶ ብራውን በ1882 አጣርተው ለመድኃኒት ያበቁት ነው፤ ስሙም በላቲን «ሱፍ» እና «ዘይት» ከሚሉ ቃላት የተገጠመ ነው። በጉ ቆዳውንና ጠጉሩን ከዝናብ የሚጠብቀው በዚሁ ስብ ነው። በእኛ ቋንቋ ብንሰይመው «የበግ ወዝ» ከማለት የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

ያ ወዝ በዙሪያዋ ባሉት በጎች ሁሉ ላይ ሞልቶ ነበር። አንዱን ብልቃጥ ለመሙላት አሥር ፔንስ ያህል ታወጣበትና በስድስት ሽልንግ ትሸጠው ነበር ይባላል። በጊዜው 12 ፔንስ አንድ ሽልንግ ነውና፣ ትርፉን ጨምሮ ከሰባት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የገረመኝ ይህ ትርፍ አይደለም፤ ነጋዴ ያተርፋል። የገረመኝ፣ ዋጋው የቅባቱ ማሻሻጫ ሳይሆን የቅባቱ አንድ ክፍል መሆኑ ነው። ርካሽ ቢሆን ኖሮ ገዢዎቿ እንደማያምኑት ገብቷት ነበር። ከሜልቦርን ተነሥታ ለንደን፣ ከዚያ ፓሪስ፣ በ1915 ደግሞ ኒው ዮርክ ደረሰች። ነጭ የላቦራቶሪ ካፖርት ለብሳ በብልቃጥና በማጉያ መነጽር መካከል ፎቶግራፍ ትነሣ ጀመር። ዛሬ በየመደብሩ የምንጠየቀውን «ደረቅ፣ መደበኛ፣ ወዛም» የሚል ምደባ ለገበያ በማብቃት ስሟ በቀዳሚነት የሚነሣውም እሷው ናት። በ1928 የአሜሪካ ድርጅቷን በ7.3 ሚሊዮን ዶላር ለባንክ ሸጠች፤ ገዢዎቿ ቅባቱን አርክሰው በየመንደሩ ሱቅ ሊያከፋፍሉት አሰቡ። ገበያው በ1929 ሲወድቅ ከ2 ሚሊዮን ባነሰ ዋጋ መልሳ ገዛችው። በዋጋ ጉዳይ ከእሷ ጋር መከራከር አይቻልም ነበር።

ምደባው ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም። የአንዱ ፊት ከሌላው ይልቅ ቅባት ያመነጫል፤ ዕድሜ ሲገፋም ይቀንሳል። በ1972 አልበርት ክሊግማንና ባልደረባው ባወጡት ጽሑፍ፣ የጎልማሳ ሴቶች ብጉር አንዱ ምክንያት ራሳቸው የሚቀቡት መዋቢያ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ ፊቱ ወዛም የሆነ ወጣት ከባድ ቅባት ሲገዛ ሁለት ጊዜ ይከስራል። ግን ጥያቄው ከሰው ሰው ብቻ ሳይሆን ከአካል አካልም ይለያያል። መዳፍና ውስጥ እግር ከነጭራሹ ቅባት አመንጪ ዕጢ የላቸውም። የንጉሥም ሆነ የለማኝ፣ የወዛሙም ሆነ የአመዳሙ ተረከዝ ደረቅ ነው። ያች ሻጭ ስለ እናቴ ቆዳ ስትጠይቀኝ፣ ስለ ተረከዟ የሚበጀው መልስ ከማንም የተሰወረ አልነበረም።

ሌላም ምደባ አለ፤ እሱ ደግሞ እኛን ረስቶ ነበር። በ1975 ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም፣ በጨረር ለሚታከሙ ሕሙማን መጠኑን ለመወሰን፣ ቆዳን በፀሐይ በመቃጠሉና በመጥቆሩ ለአራት ከፈለው። አራቱም የነጮች ቆዳዎች ነበሩ። ጠይሙና ጥቁሩ ቆዳ አምስተኛና ስድስተኛ ሆኖ የተጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። የዓለም ሕዝብ አብዛኛው በሁለት ቁጥር ተጠቅልሎ ከዝርዝሩ ግርጌ ገባ።

ወደ ሰማያዊው ቆርቆሮ ልመለስ። ሐምቡርግ ውስጥ ፋርማሲስቱ ኦስካር ትሮፕሎቪትስ፣ የቆዳ ሐኪሙ ፓውል ጌርሶን ኡና እና ኬሚስቱ ኢሳቅ ሊፍሹትስ ተገናኙ። ሊፍሹትስ ከዚያው ከበግ ወዝ ውስጥ፣ ውሃና ዘይትን አስታርቆ የሚያቆይ «ኦይሴሪት» የተባለ ነገር ለይቶ አውጥቶ ነበር። በ1911 በዚሁ የተሠራው ነጭ ቅባት፣ በላቲን በረዶን በሚያመለክት ቃል ኒቪያ ተባለ። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ቢጫ ነበር፤ ሰማያዊ የሆነው በ1925 ነው። የጋሌን ደዌ በዚህ ተፈወሰ። ሳይሸትና ሳይለያይ መርከብ ላይ የሚጫን፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ሚስት የምትገዛው ክሬም ተገኘ። እንግዲህ አንዷ በስድስት ሽልንግ ያከበረችው፣ ሌሎቹ በርካሽ ቆርቆሮ ያዳረሱት፣ ሁለቱም ከአንድ በግ ጀርባ የወረደ ነበር።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ላወራላት እሑድ ቤቷ ሄድኩ። በእጄ ቫዝሊን ይዣለሁ። የበጉን ነገር ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ ተነሥታ ቡፌውን ከፈተችና፣ ከሠርግ ብርጭቆዎቹ ኋላ አንድ ከባድ ብልቃጥ አወጣች። ሴሎፎኑ እንኳ አልተቀደደም። መደብሩ ውስጥ ካየሁት ጋር አንድ ዓይነት ባይሆንም ዘመድ ነበር።

ታናሽ እህቴ ናት ከቤሩት የላከችላት፤ ከስድስት ዓመት በፊት። እህቴ እዚያ በሰው ቤት ትሠራለች። እመቤቷ መኝታ ቤት፣ መስታወቱ ፊት፣ በየጠዋቱ አቧራውን እየጠረገች መልሳ የምታስቀምጠው ብልቃጥ እንደነበረ፣ ዋጋውንም ጠይቃ ከደመወዟ እያጠራቀመች አንዱን ለእማዬ እንደገዛች አንድ ጊዜ በስልክ ነግራኛለች። ረስቼው ነበር።

«ለምን አልተቀባሽውም?» አልኳት።

«የሷ ጉልበት እኮ ነው፤ ተረከዜ ላይ ልረግጠው?» አለችኝ።

አስፈቅጄ ከፈትኩት። ዘመኑ አልፎበት፣ ውሃው ከቅባቱ ተለይቶ ከላይ አቅርሯል፤ ሽታውም ለውጦታል። ጋሌን ቢያየው ያውቀው ነበር። እማዬ ብልቃጡን ተቀብላኝ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ በጣቷ አማሰለችውና ቆንጥራ የእጇን ጀርባ ቀባችው፤ ደጋግማ አሸችው። ከቫዝሊኑ ደግሞ ተረከዟን እኔ ቀባኋትና ካልሲ አጠለቅሁላት።

ማታ እህቴ ስትደውል፣ እማዬ ስልኩን ከመቀበሏ በፊት የለውጡን ነገር እንዳላነሣ በዓይኗ ከለከለችኝ።

«ተቀብቼዋለሁ» አለቻት፤ «አሁን ወዜን ብታይው!»