አሠልጣኝ የሌለባቸው 13 ሕጎች

እነዚህ በታይፕ የተጻፉ ሁለት ገጾች ጄምስ ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1891 በስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ያወጣቸውን 13 የቅርጫት ኳስ ሕጎች ይዘዋል። ጠጋ ብለው የመጨረሻውን ይመልከቱ፤ ውጤቱ እኩል ከሆነ ጨዋታው እንዲቀጥል የሚስማሙት የቡድኖቹ አምበሎች ናቸው። ዳኞችም ተጠቅሰዋል። አሠልጣኝ ግን የትም የለም። ናይስሚዝ ከ1898 እስከ 1907 የካንሳስ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ሲመራ 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ መሸነፉም ከዚህ ጋር አብሮ መታየት አለበት። ዩኒቨርሲቲው የቀጠረው ስፖርትን እንዲያስተምርና የጸሎት ቤቱን እንዲመራ እንጂ ዋንጫ እንዲያመጣ አልነበረም፤ ጨዋታውንም የፈጠረው ወጣቶች በክረምት ቅዝቃዜ አዳራሽ ውስጥ ሰውነታቸውን እንዲያሠሩበት ነው።

ይህ ለደካማ ውጤት የተፈለገ ሰበብ ነው የሚል ይኖራል። የናይስሚዝ ተማሪ ፎግ አለን እዚያው ካንሳስ 590 ጨዋታዎችን በማሸነፍ ማሠልጠን ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን አሳይቷል፤ በዚህ ረገድ በሕጎቹ ለአሠልጣኝ ቦታ ያልሰጠው መምህሩ ተሳስቶ ነበር ማለት ይቻላል። የናይስሚዝን ሥራ በሽንፈት ብዛት ብቻ መለካት ግን አለንን ራሱን ከታሪኩ መቁረጥ ነው። ጆን ማክሌንደንም አለ፤ ጥቁር በመሆኑ በካንሳስ ቡድን መጫወት ቢከለከልም ከናይስሚዝ ሥር ተምሮ በ1936 ተመረቀ። ኋላ ያሠለጠነው የቴነሲ ኤ ኤንድ አይ ቡድን ከ1957 እስከ 1959 በተከታታይ ሦስት ብሔራዊ ሻምፒዮናዎችን አሸንፏል።